ያማረብኝ ክረምት

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ። ከምሳ በኋላ።

ጫማዬ ዛሬም አልገባም። የባሌን የግርማን ነጠላ ጫማ አድርጌ ወደ ጤ/ጣቢያ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ቁርጭምጭሚት ካለኝ ማለቴ ነው፤ እግሬ ከጉልበት እስከ ጣት አንድ ወጥ ሆኗል።

ሐሙስ የእርጉዞች ቀን። እኔ ደግሞ የሐሙስ አስተርጓሚ ነኝ፣ ማንም ሳይሾመኝ። አዋላጇ ሲ/ር ምሕረት ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት፤ ኦሮምኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ከገጠር የሚመጡ፣ አማርኛቸው ከገበያ አያልፍም። እኔ ጭሮ ተወልጄ በሁለቱም ቋንቋ አፌን የፈታሁ፣ ያውም አስተማሪ። ሰው ሳይግባባ እያየሁ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም። ስለዚህ እሷ በአማርኛ ታስተምራለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ በኦሮምኛ እላለሁ።

የዛሬው ትምህርት የአደጋ ምልክቶች። ከባድ ራስ ምታት። የዓይን ብዥታ። የፊትና የእጅ እብጠት። ከእነዚህ አንዱ የታየባት ሴት ቀን ሳትቆጥር ትምጣ። በክፍል ድምፄ ተረጎምኩ፤ ፊት ስል ፊቴን፣ እጅ ስል እጄን እያሳየሁ። ሴቶቹ ኤዬ፣ ኤዬ አሉ። እሺ፣ ገብቶናል ማለታቸው ነው።

ከዚያ አንድ በአንድ መግባት። ሲ/ር በተማረቻት ኦሮምኛ አካም ጅርታ፣ እንዴት ነሽ፣ ትላለች። ፈያ፣ ማለትም ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ሆድ ይዳሰሳል። ቀጣይ። አካም ጅርታ። ፈያ። ቀጣይ። ተራዬ ደረሰ። ሰብለዬ እንዴት ነሽልኝ? ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆዴን ዳሰሰች፣ የልጁን ልብ አዳመጠች፣ አምሮብሻል አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

በር ላይ ነው የገባኝ። ላሳያቸው ያነሳሁት እጅ ያበጠ እጅ ነበር። ተመልሼ ልግባ አልኩ፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ዝናቡም መጣ፣ ተውኩት።


ሐምሌ 20፣ እሑድ።

ቀለበቴን በሳሙና አወጣሁት። ግማሽ ሰዓት ታግዬ። ጣቴ ላይ የቀረው ሰንበር አሁንም አለ።

እትዬ አስካለ ደስ ብሏቸዋል። የባሌ እናት ናቸው፤ ሊያርሱኝ ከወዲሁ መጥተዋል። እናቴም አባቴም አርፈዋል፣ ጭሮ የቀረኝ መቃብርና ጥቂት የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ስለዚህ ያለኝ እናት እሳቸው ናቸው። ጥሩ ሰው ናቸው። ይህን ደጋግሜ የምጽፈው እንዳልረሳው ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ቅጽር ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ከበቡኝ። ወፈረች፣ ፊቷ ሞላ፣ ቀላች፣ ምራቷን እንዴት ያለ አያያዝ ይዘዋታል። ምስጋናው ሁሉ ለእትዬ። እትዬም አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉ። እኔ መሐል ላይ ቆሜ እንደ ፋሲካ በግ እታያለሁ።

ዕድሜዬን ሙሉ ንፋስ ይወስድሻል ስባል የኖርኩ ሴት ነኝ። በአሥራ አምስት ቀን ማነው እንዲህ የሚወፍረው? መስታወት አየሁ። ዓይኖቼ ጠበዋል፣ ከንፈሬ የሌላ ሰው ነው። አውራ ጣቴን ቅልጥሜ ላይ ተጭኜ አነሳሁ፤ ጉድጓዱ ቀረ፣ ሊጥ ላይ እንደሚቀረው። ብዙ ቆይቶ ሞላ።

አንቺም ደብተር በክረምቱ እርጥበት አብጠሻል። ላንቺ ግን አማረብሽ ያለሽ የለም።


ሐምሌ 23፣ ረቡዕ። ማታ ሳይሆን ገና ቀን ነው፣ ግን ጨልሟል።

ራሴ። ከትናንት ጀምሮ። ከማጅራቴ ይነሳና ግንባሬ ላይ ይቀመጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን በመታ ቁጥር የሚመታው እኔን ነው።

እትዬ ምች ነው አሉ። ሰኞ ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ ላይ ልብስ ሳጥብ መታኝ። ዳማከሴ ጨምቀው ግንባሬን አሹኝ፣ ባፍንጫዬም አስሳቡኝ። ሽታው ደስ ይላል፣ የልጅነት ሽታ ነው። እጃቸውም ደስ ይላል። ራስ ምታቱ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ፓራሲታሞልም ዋጥኩ፣ እንደ ውኃ።

ነገ ሐሙስ ነው። እናገራለሁ።


ሐምሌ 24፣ ሐሙስ።

አልተናገርኩም። ማለቴ ተናገርኩ፣ ግን እንዲህ ከተናገሩት ዝም ቢሉት ይሻላል።

ዛሬም አስተርጉሜ፣ ዛሬም ተራዬን ጠብቄ ገባሁ። እንዴት ነሽልኝ ስትለኝ አፌ ከእኔ ቀደመ፤ ደህና ነኝ፣ ይመስገን። አስተዳደግ ነው። ሰው ሰላም ሲልሽ በሽታሽን አትዘረግፊም። መጀመሪያ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ ሰውየው ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ ደህና ነኝ ትያለሽ፣ በሦስተኛው ምናልባት እንጃ ትንሽ ወገቤን ትያለሽ። ሲ/ር ምሕረት ግን ለሦስተኛው ጊዜ የላትም። ውጭ አግዳሚ ሙሉ ሴት አለ። በመጀመሪያው ደህና ቀጣይ ትላለች። አሁን ሳስበው ሴቶቹ ሁሉ ፈያ ብለው ሲወጡ ከርመዋል። ራሴን የሚያመኝ እኔ ብቻ ነኝ?

ሆዴን ስትዳስስ ትንሽ ራሴን ያመኛል አልኩ። ትንሽ! ከየት የመጣ ትንሽ ነው? ማታ እንቅልፍ ያሳጣኝ ነገር ነው። እሷም ውኃ ጠጪ፣ እግርሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ፣ እብጠት በእርግዝና ያለ ነው አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ በየዓመቱ ልጆች አስጽፋለሁ፣ ምሳሌ እንዲያመጡለትም አዛለሁ። ምሳሌው ይኸው።

አንድ ነገር ግን አልኩ፤ ግፊቴን ብትለኪኝ? ሲ/ር መሬት መሬት አየች። አሮጌው መለኪያ አየር ያስወጣል፣ ከሰኔ ጀምሮ አይሠራም። አዲስ መጥቷል። የመጣው ግን በአቶ ተሾመ ስም ነው፤ የክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ፈርመው የተረከቡት እሳቸው ስለሆኑ ከነካርቶኑ ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ ኪሳቸው ደግሞ አዳማ ሥልጠና ላይ ነው። በፊት የነበሩበት ጤ/ጣቢያ አንድ ዕቃ ተሰብሮባቸው ከደመወዛቸው ተቆርጧል አሉ፤ ከዚያ ወዲህ በስማቸው ያለ ነገር ፀሐይ አያይም። የሽንት መመርመሪያዋም አልቃለች።

ስለዚህ ክንዴን ከሰኔ ወዲህ ማንም አልነካውም። የማንንም ክንድ። የሚለካን በዓይን ነው። በዓይን ደግሞ አምሮብናል።

ስመለስ መድኃኒት ቤት ገባሁ። በእጅ አንጓ የምትታሰር መለኪያ አለቻቸው፤ ባትሪዋ ሞቷል። የግል ክሊኒኳ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ተዘግታለች። ጭሮ ሆስፒታል ልሂድ አልኳቸው እትዬን። በዚህ ጭቃ፣ በዚህ መንገድ፣ ልጁን መንገድ ላይ ልትጥይው ነው? አሉኝ። እሺ አልኩ። ዛሬ ስንት እሺ አልኩ!


ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ።

ሐሊማ መጣች። በራችን ፊት ለፊት ጫት የምትሸጠው ጎረቤቴ ናት፤ ጫቷ ከመሰላ በኩል ነው የሚመጣላት፣ ትርፍ ሰዓቷ ሁሉ እኛ ቤት ነው። ቁጭ አለች፣ አየችኝ፣ ወሬዋን አቆመች። ሐሊማ ወሬ ስታቆም አይቼ አላውቅም።

ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። «ሰብሌ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም። ዋላሂ። የኔ ታናሽ እንዲህ ነበር።»

ታናሿ በቦርደዴ በኩል ተድራ ነበር። አርግዛ ፊቷ ሲሞላ ሰው ሁሉ ደስ አለው፣ ባሏ አበላት ተባለ። አንድ ቀን ጠዋት ዓይኔ እሳት ያያል አለች። ከሰዓት ወደቀች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ምላሷን ነከሰች። ጂኒ ነው ተባለ። ቁርኣን ተቀራላት፣ ተጨሰላት። ሲነጋ በሰው ሸክም መንገድ አወጧት። አስፋልቱ ላይ ስትደርስ ሁለቱም አልነበሩም፣ እሷም የሆዷም።

እትዬ ይህን ከጓዳ ሰሙ። እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ሟርተኛ አሏት። በእርጉዝ ፊት የሬሳ ወሬ! ቱ ቱ ብለው ከደጃፍ ሸኟት። እኔንም ገሠጹኝ፤ እንዲህ ያለውን ወሬ አትስሚ፣ ለማንም አታውሪ፣ ዝም አይነቅዝም።

ዝም አይነቅዝም። እውነት ነው። የሚነቅዘው ዝም ያለው ሰው ነው።

ፈራሁ። በግልጽ ልጻፈው፤ በጣም ፈራሁ። ልጁ ግን ይራገጣል፣ ዛሬ ከወትሮው ይበልጥ። ምን እንደሚለኝ አላውቅም።


ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ።

ዓይኔ። ጠዋት መዝሙረ ዳዊት ገልጬ ከመስመሩ ጫፍ ፊደሎች ጎደሉ። ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ፣ ብየዳ ሲያዩ እንደሚቀረው። ዓይኔን አሸሁ፣ ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ። ከቀኝ የጎድን አጥንቴ ሥርም የሚወጋኝ ነገር ጀምሯል። እትዬ ጨጓራ ነው አሉ፣ ተልባ ሰጡኝ።

ግርማ ደወለ። ቦርደዴ ነው፣ ለከብት ክትባት ዘመቻ ከወጣ ሰነበተ። ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ነው የሚያወራኝ፤ ነፋሱ ይሰማል። ነገርኩት። ራሴን፣ ዓይኔን፣ ጎኔን፣ ሁሉንም ነገርኩት፣ ትንሽ ሳልል። ሲስተሯ ምን አለችሽ አለ። ውኃ ጠጪ አለችኝ። እንግዲያስ እሷ ደህና ነሽ ካለችሽ… ዘመቻው በሳምንቱ መጨረሻ ያልቃል፣ እስከዚያ ታገሺ አለኝ። ላሞቹ በየተራ መርፌ ሲወጉ አንድም ሰው የሚስትህን ክንድ እንኳ አልነካም አልኩት። ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ነው ወይስ እሱ?

አልፈርድበትም። እኔ ራሴ ለሲ/ር ደህና ነኝ ብዬ፣ የእኔኑ ደህና ነው መልሶ የሚነግረኝ።

አስተማሪ ነኝ። ሰባ ልጅ ባንድ ዓይን ዝም አሰኛለሁ። አንዲት አዋላጅ ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ማውጣት እንዴት ያቅተኛል? ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው? ሲ/ር ትቀየመኛለች ብዬ? የትም ሳልደርስ እንዲህ በይሉኝታ ልሙት?


ነሐሴ 1፣ ሐሙስ። ጠዋት።

ፍልሰታ ገባ። እትዬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። እኔ መስታወት ፊት ቆሜ እለማመዳለሁ፣ ግጥም በቃሉ እንደሚያጠና ተማሪ። ደህና አይደለሁም። ደህና አይደለሁም። አፌ እምቢ ይላል፣ መጨረሻው ላይ ይመስገን ይጨምርበታል። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ግማሽ ፊቷ የለም። ዓይኔ ነው።

እሄዳለሁ። ሳልለካ አልመለስም። ይኸው ጻፍኩት።


ያው ቀን። 6 ሰዓት። ጤ/ጣቢያ አግዳሚ ላይ።

ቶሎ ልጻፍ።

ዛሬ ማስተርጎሙን አላስቀደምኩም። መጀመሪያ ተራዬን ያዝኩ። ሲ/ር ሰብለዬ እንዴት ነሽልኝ አለች። ደህና አይደለሁም አልኩ። በሩ ክፍት ነው፣ አግዳሚው ሁሉ ዞረ። ሲ/ር እጇ ሆዴ ላይ ሊያርፍ ሲል አየር ላይ ቀረ። ቀጠልኩ፤ ራሴን ሳምንት ሙሉ፣ ዓይኔን ከማክሰኞ ጀምሮ፣ ጎኔን። አንቺ ራስሽ ያስተማርሽው ነው፣ እኔም በአፌ የተረጎምኩት። ግፊቴን ለኪኝ።

ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው አለች። አቶ ተሾመ ሰኞ ይመጣሉ። ሰኞ ነይ፣ መጀመሪያ አንቺን አለች። እኔም አልነሳም አልኩ። ከወንበሩ አልነሳም። መጀመሪያ ለመነችኝ፣ ቀጥሎ ተቆጣችኝ፣ ቀጥሎ ለአቶ ተሾመ ደወለችና ስልኩን ሰጠችኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድምፃቸው ከእኔ ይበልጥ ይፈራል። ልጄ፣ በስሜ ነው፣ ቢሰበር ማን ያምነኛል፣ ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና አሉ። እኔ ሰኞ ላልኖር እችላለሁ አልኳቸው። እግዜር አያድርገው አሉ። ስልኩን መለስኩላት።

ያን ጊዜ ነው የወጣሁት። አግዳሚው ፊት ቆምኩ፣ ሁልጊዜ በምቆምበት ቦታ፣ በክፍል ድምፄ፣ በኦሮምኛ። የግፊት መለኪያ አለ አልኳቸው። እዚያ ብረት ውስጥ ነው፣ ቁልፉ አዳማ ነው። ከሰኔ ወዲህ ፈያ ብላችሁ ስትወጡ ክንዳችሁን ማንም አልነካም። የእኔንም። እኔ ፈያ አይደለሁም። ከእናንተስ ፈያ የሆነችው ማናት?

ማንም ኤዬ አላለም። ከዚያ አንዲት ከመሰላ ገጠር የመጣች ሴት፣ ስሟን እንኳ የማላውቀው፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጣለችና እጅጌዋን እስከ ብብቷ ሰበሰበች። ክንዷን ዘርግታ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ሰበሰበች። ቀጥላ ሌላዋ። ዳር እስከ ዳር ክንድ ብቻ ሆነ። ዘበኛው ጋሽ አህመድ በር ላይ ቆመው ኡፍ አሉ፤ «እኔ አይሰብርም ልጄ፣ እኔ ጠባቂ ነው» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

ሲ/ር ምሕረት ይህን አየች። አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን በጋውኗ ጠርጋ ወደ ዕቃ ቤት ሄደች፣ ዲጂኖ ይዛ ተመለሰች። ራሷ። ትንሽ ሴት ናት፣ ብረቱን በሁለት እጇ ነው የያዘችው። ቁም ሳጥኑ ሲጮህ ጭሮ ድረስ የሚሰማ መሰለኝ።

ካርቶኑ ላይ አቧራ እንኳ አልነበረም። ክንዴ ላይ ጠመጠመችው፣ ነፋች፣ አዳመጠች። ደግማ ነፋች። በሌላው ክንዴ ሞከረች። ስንት ነው አልኳት። ከአንድ መቶ ሰባ በላይ ነው አለች፣ የታችኛውንም ነገረችኝ፣ ፊቷ ግን ከቁጥሩ በፊት ነግሮኝ ነበር። ይቅርታ አላለችኝም። እግዚአብሔር ይስጣት፤ ጊዜ አላጠፋችም። በሁለቱም መቀመጫዬ ወጋችኝ፣ እንደ በርበሬ የሚያቃጥል መርፌ። መንቀጥቀጡን የሚከላከል ነው አለች። አሁኑኑ ጭሮ።


ያው ቀን። ወደ 9 ሰዓት።

አምቡላንሷ ሰው ይዛ ወጥታለች፣ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም። ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያ መንገድ መኪና አይንቀሳቀስም። ለምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሐሊማ ሰምታ መጣች። ጫት ጫኙ መኪና አሁን ይወጣል፣ ፊት ወንበር አስለቅቄያለሁ አለች። እነዚህ መኪኖች ሲበሩ ሰው መንገድ ለቆ ቆሞ ያማትባል። እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ሮጠው መጡ፣ ነጠላቸው ጭቃ ይዟል። በጫት መኪና! በፍልሰታ! ባልሽ ሳያውቅ! አሉኝ። እትዬ፣ ሐሊማ ሟርተኛ አይደለችም፣ ሟርቱ ክንዴ ላይ ነው አልኳቸው። ቁጥሩን ነገርኳቸው። ቁጥሩ አልገባቸውም። ሲ/ር ምሕረት የሰበረችውን ቁም ሳጥን ሲያዩ ግን ገባቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው እኔም እሄዳለሁ አሉ።

ሲ/ር አትመጣም። ሌሎቹን ክንዶች ጥላ መምጣት አልቻለችም፤ እኔም ነይ አላልኳትም። በግራ ጎንሽ ተደገፊ፣ ዓይንሽ ከጨለመ ለሰዎቹ ንገሪ አለችኝ። ሾፌሩ ጡሩንባ እየነፋ ነው። ሐሊማ «ማሎ፣ እባክሽ ተነሽ» ትለኛለች።


ነሐሴ 2፣ ዓርብ። ጭሮ። ጠዋት።

በሕይወት አለሁ። እንዴት እንደደረስን አልጽፍም፤ ሾፌሩ አንዴም ፍሬን አልረገጠም፣ እትዬ ሙሉውን መንገድ ውዳሴ ማርያም ደገሙ፣ ሐሊማ ደግሞ በራሷ በኩል። ከሁለቱ መሐል ተቀምጬ ነበር፣ ማንኛቸው እንደሰመረላቸው ፈጣሪ ይወቅ።

ትናንት ማታ ደም ወሰዱ፣ መድኃኒት በክንዴ ያንጠባጥባሉ። ግፊቱ ትንሽ ወረደ፣ ዛሬ ጠዋት ተመልሶ ወጣ። ራሴ እንዳለ ነው። ይህን ገጽ ስጽፍ የቀኝ ዳሩን አላየውም፣ እጄ በልማድ ነው የሚሄደው። ፊደሌ ቢጣመም አትፍረጂብኝ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። በሽታው የሚለቀኝ ልጁ ሲወጣ ብቻ ነው። ልጁ ትንሽ ነው፣ ስምንተኛ ወሩ ነው። ለሳንባው መርፌ ጀምራለች፣ ሁለት ቀን ብንጠብቅ ለእሱ ይረዳዋል። ግን የደሜ ምርመራ ውጤት እየከፋ ነው፣ ዓይኔም። በሁለቱ ቀን ውስጥ ልንቀጠቀጥ እችላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ዋስትና የላትም። እሷ ብትሆን አሁን ነው የምትለው። ግን ከቤተሰብ ጋር ተመካከሩ አለች፣ ብዙ አትቆዩ አለች።

ተመካከርን። እትዬ ተንበርክከው እግሬን ያዙ። የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የዘጠኝም ያድጋል፣ የስምንት ወር ግን አያድግም፣ ከጥንት የታወቀ ነው፣ እኔም አንዱን ቀብሬአለሁ አሉ። ሁለት ቀን ነው፣ ልጄ፣ ሁለት ቀን ቻይልን። የቀበሩት እንዳለ ነግረውኝ አያውቁም ነበር። አለቀስን፣ ሁለታችንም። ግርማን በስልክ አገኘነው፣ መንገድ ጀምሯል፣ ያለቅሳል። እማማ እንዳሉት እንጠብቅ አለ። እኔ እስክደርስ ብቻ። እንዴት አልወደውም? ሁለቱንም እንዴት አልወዳቸው?

ሐሊማ ጥግ ላይ ቆማለች። ሁሉም እሺታዬን ይጠብቃል። እሺ የማልልበት ቀን አይተው አያውቁማ።

አሰብኩ። ልጁን አሰብኩ፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ ክርኑን ወዲህ ወዲያ ሲያደርግ ነበር። እናት ለልጇ ትሞታለች ይባላል፣ እኔም ለተማሪዎቼ ይህንኑ ስነግር ኖሬአለሁ። ግን እኔ ነገ ብሞት እሱ ሁለት ቀን የሚያድገው የት ነው?

ዶክተሯን ጠራሁ። አሁን አልኩ። አሁን አውጡት።

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ስልኩ ውስጥ ግርማ ሰብለ፣ ሰብለ ይላል። አልመለስኩለትም፣ ድምፁን ከሰማሁ እንደማልጸና ስለማውቅ ለሐሊማ ሰጠኋት። እጄ ባዶ ሲሆን እትዬ፣ ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ ያዙኝ። አልለቀቁኝም።

ተሽከርካሪ አልጋ እያመጡ ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ይሰማኛል። ደብተሩን ለሐሊማ እሰጣለሁ። ግርማ፣ ይህን የምታነበው አንተ ከሆንክ፣ እማማን እንዳትወቅሳቸው። ዶክተሯንም። ሲ/ር ምሕረትንም። አሁን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስባለኝም፣ ልጁ አድጎ ከጠየቀህም ንገረው፣ እናትህ ያን ቀን የፈለገችው ካንተ ጋር መኖር…